በሩን ሳይዘጉ ቤት ማስተማር፦ ለባሕር ዳር ወላጆች የመጀመሪያ ዓመት መመሪያ

ልጃቸውን ቤት ለማስተማር የቆረጡ ወላጆች መጀመሪያ የሚሮጡት ሰሌዳና ጠመኔ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ሰሌዳው ይቆይ። ቀድሞ መሄድ የሚያስፈልገው ልጁ እስካሁን ወደተማረበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ወደ ማስተማር የሚገባ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ወዶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ሁሉም ወላጅ ሳይወድ በግዱ አስተማሪ ሆኖ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የክልሉ ግጭት ስንቱን ልጅ ከክፍል እንዳስቀረ የምናውቀው ነው። ሌላው የትምህርት ቤት ክፍያ ከብዶት፣ ሌላው ልጁ ታሞበት፣ ሌላው ልጁ በታጨቀ ክፍል ውስጥ ጠፍቶበት ነው። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ የመጀመሪያው ዓመት መታቀድ ያለበት ልጁ በፈለገ ጊዜ ወደ ክፍል እንዲመለስ ሆኖ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰላም ይወርዳል፣ ደመወዝ ይስተካከላል፣ ልጁም ራሱ «ጓደኞቼ ጋር ልማር» ይላል። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ያወጣሁት ይህን አስቤ፣ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያለ ልጅ ላላቸው ወላጆች ነው።

1. ወረቀቱን አስቀድሙ

ይህ ሥራ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ማለቅ አለበት። ከትምህርት ቤቱ የምትቀበሉት ያለፉትን ዓመታት የውጤት ካርድና መሸኛ ደብዳቤ ነው። ሁለቱንም እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የልጁ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። በአንዱ «ኃይለማርያም»፣ በሌላው «ሀይለ ማርያም» ተብሎ ቢጻፍ ዛሬ ማንም ልብ ላይለው ይችላል፤ የፈተና ምዝገባ ሲደርስ ግን ያቺ አንዲት ፊደል ከቢሮ ቢሮ ታንከራትታችኋለች።

ቀጥሎ ወደ ክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ በሐይቁ ዙሪያ ባሉት ገጠር ቀበሌዎች የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ወደ ወረዳው። በቃል ጠይቃችሁ ብቻ አትመለሱ። በአንድ ገጽ ማመልከቻ ሦስት ጥያቄ አስፍሩ። ልጄን ዘንድሮ ቤት ባስተምር፣ ሲመለስ የክፍል ደረጃው በምን ይወሰናል? የክልሉን ፈተና የሚወስድበት ዓመት ሲደርስ በየትኛው ትምህርት ቤት በኩል ይመዘገባል? እስከዚያው ከእኔ የሚጠበቅ ሪፖርት አለ? ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፤ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱና መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ዛሬ «ችግር የለውም» ያላችሁ ባለሙያ ለከርሞ ሌላ ቦታ ተመድቦ ሊሆን ይችላል። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም መስከረም ሳይጠባ ማወቁ ይሻላል።

ልጃችሁ ዘንድሮ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ ዘንድሮ አትጀምሩ። ክልላዊ ፈተና የሚሰጠው በእነዚህ ክፍሎች ነው፤ አዲስ አስተማሪና ወሳኝ ፈተና በአንድ ዓመት አይገጥሙም። የግድ ከሆነም ፈተናውን የሚያስፈትን ትምህርት ቤት በጽሑፍ ተስማምቶ ሳታገኙ ልጁን አታስወጡ።

2. ሰዓቱን ከተላላኪነት አድኑት

ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለ4ኛና ለ5ኛ ሦስት ሰዓት ይበቃል። አነሰ ብላችሁ አትደንግጡ። በክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ፣ ከሰሌዳ ሲገለበጥ፣ የረበሸው ሲገሠጽና ደብተር ሲታረም የሚያልፈው ጊዜ ብዙ ነው፤ ቤት አንድ ለአንድ ስትቀመጡ ያ ሁሉ የለም።

ሰዓቱን ጠዋት አድርጉት፤ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 5፡00 ጥሩ ነው። የካቲት ካለፈ በኋላ የባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ እንኳን ለልጅ ለአዋቂም እንቅልፍ ነው። ሁለታችሁም የቢሮ ሠራተኞች ከሆናችሁ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ለንባብና ለሒሳብ ያዙ፣ የቀኑን ሥራ ደግሞ ቤት ለሚውል ሰው ወይም ለአስጠኚ ስጡ። ከተማው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስለሆነ አስጠኚ አይጠፋም። ስትስማሙ ግን በሰዓት ብቻ አትዋዋሉ፤ በወሩ መጨረሻ የትኛው ምዕራፍ እንደሚያልቅም ተነጋገሩ። የልጁን መልመጃ ራሱ የሚሠራለት አስጠኚ በሳምንቱ ይሰናበት።

ትልቁ የሰዓት ሌባ ከቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት የማይሄድ ልጅ በሰፈሩ ዓይን ሥራ የፈታ ልጅ ነው። ሽንኩርት ያልቃል፣ «ሩጥ»። የጎረቤት ጀበና ይመለሳል፣ «ሩጥ»። እንግዳ ይመጣል፣ ለስላሳ ይገዛል። በየሩብ ሰዓቱ የተላከ ልጅ ማካፈል ሊማር አይችልም። ስለዚህ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለአያትም ጭምር፣ አንድ ደንብ ንገሩ፤ እስከ 5 ሰዓት ልጁ የለም። አያት ካሉ በትሕትና ይነገራቸው፤ «እማማ፣ እስከ አምስት ሰዓት ትምህርት ቤት እንደሄደ ይቁጠሩት» ማለት ይበቃል። «ልጁ ለምን ቤት ዋለ? ታመመ እንዴ?» ለሚል ጎረቤትም ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «ቤት እየተማረ ነው» በሉና ደብተሩን አሳዩት፤ ጥያቄው እዚያው ያበቃል።

ቦታው ከመስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ይሁን፤ መብራት የሚጠፋበት ቀን አይቆጠርም። ልጁ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ካልነካ ከሥሩ ሳጥን አድርጉለት። ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል ግን አይሆንም።

3. መጽሐፉን በሳምንት ከፋፍሉት

የክልሉን የተማሪ መጽሐፍ ያዙ። ከውጭ አገር የመጣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ማጠናከሪያ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ነገ የሚመለስበት ክፍል የሚማረው ግን በክልሉ መጽሐፍ ነው። ብዙ ወላጅ የሚረሳው የመምህሩን መምሪያ ነው። ለእናንተ ከተማሪው መጽሐፍ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚወስድና ልጁ በመጨረሻ ምን ማወቅ እንዳለበት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የምታውቁት መምህር ካለ ቅጂውን ጠይቁት።

መጻሕፍቱን በስልክ ካገኛችሁ በስልኩም በፍላሽም አስቀምጡ፤ የያዛችሁትን ምዕራፍ ደግሞ አሳትሙ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜ የባሕር ዳር ሰው አይረሳም፤ ትምህርታችሁ ኔትወርክ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ መሆን የለበትም።

ከዚያ ከመስከረም እስከ ሰኔ ያሉትን ሳምንታት ቁጠሩ። የመስቀልን፣ የገናንና የጥምቀትን፣ የፋሲካን ሰሞን አውጡ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ስለሆነ ለሕመም ሁለት ሳምንት አስቀሩ። የቀረውን ለምዕራፎቹ አካፍሉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አማርኛ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ በዚህ የጊዜ ሰሌዳ ይመሩ። የአካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብና የጥበባት ትምህርት ቅደም ተከተላቸው ቢዛባ ጉዳት የለውም፤ ከሐይቁ፣ ከገበያውና ከቤቱ ጋር ሲገጣጠሙ አስተምሯቸው።

4. ንባብን መርምሩ፣ ከዚያ አስተምሩ

ሌላው ትምህርት ሁሉ የሚያልፈው በዚህ በኩል ስለሆነ የመጀመሪያውን ወር ለንባብ ስጡ። 3ኛ ክፍል የደረሰ ልጅም ቢሆን «ያነባል» ብላችሁ አትለፉት። ሀ ሁ ሂን በዜማ እስከ መጨረሻው የሚያወርድ፣ ነጥላችሁ «ኼ»ን ስታሳዩት ግን ዓይኑን ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ልጅ ብዙ ነው። እሱ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልያዘም።

የቀድሞ የኔታዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ልጁ የሀሁን ተራ በቃሉ እንዳይሸመድድ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው የሚለዋወጥበትን ገበታ ይሰጡታል። እናንተም ምርመራውን በአቡጊዳ ጀምሩ። ልጁ በስንጥር እየነካ ያንብብ፤ የተደናቀፈበትን ፊደል እናንተ በወረቀት ያዙ። አትቆጡ፣ አታርሙት፤ መዝግቡ ብቻ። ለአንድ ጠዋት ይህ ይበቃል።

በማግስቱ የብስኩት ካርቶን ቆራርጡና የተደናቀፈባቸውን ፊደላት በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። በቀን ከአምስት ካርድ አይበልጥ። ካዕብን ከጎኗ በወጣች መስመር፣ ሳልስን ከእግሯ በተቀጠለች ሰረዝ፣ ኃምስን በቀለበቷ ማወቅ ይቻላል፤ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤ ብላችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡና ልዩነቱን ራሱ ያግኘው። የሚያስቸግረው ሳድስ ነው። ብ፣ ል፣ ም፣ ር፣ ን አንድ ዓይነት ምልክት ስለሌላቸው በደንብ ተለይተው መለመድ አለባቸው፤ ልጁ ሲያነብ የሚንተባተበውም አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ላይ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን፣ እነ ሰን እና ለን፣ ቀን እና ቸን፣ ነን እና ኘን፣ በአንድ ቀን አትስጡ፤ አንዱ ሲጠና ሌላው ይከተል። ገበታው ላይ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ማባዛት ለጀመረ ልጅ ይህ ራሱ የሒሳብ ጥያቄ ነው።

ፊደሉ ሲጠራ ጎዳና ላይ አውጡት። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ቤት ስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባጃጅ ጀርባ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ነጻ የማንበቢያ መጽሐፍ ነው። ባጃጁ ሳያልፍ ማንበብ የፍጥነት ልምምድ ይሆነዋል፤ የተጻፈው ሁሉ ለልጅ የሚሆን ባይሆንም። ማታ ደግሞ ለአንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ማንበብ የማይችሉ አያት ካሉ ከእሳቸው የተሻለ አድማጭ የለም፤ ያልገባቸውን «ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁታል፣ ልጁም ለመመለስ ሲል ያነበበውን ያስተውላል።

5. አንድ አሳ፣ ሦስት ትምህርት

ሐይቁ አጠገብ ያለ ሰው የአካባቢ ሳይንስን ከመጽሐፍ ብቻ ቢያስተምር ያሳዝነኛል። ጠዋት አሳ አስጋሪዎች ወደ ዳር ሲመለሱ ሄዳችሁ ያልጸዳ ቆሮሶ ግዙ። ወደ ቤት ስትመለሱ ሰፈር ሱቅ ጎራ በሉና ይመዘን፤ ልጁ ቁጥሩን በግራም ይጻፍ። ቤት ስትደርሱ በትሪ ላይ አድርጉትና ቢላዋ ሳይነካው በፊት ይመልከተው። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ በጣቱ ሲዳስሰው ይቆረቁረዋል፣ ከራስ ወደ ጭራ ግን ይንሸራተታል፤ ለምን? የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን አሳዩት፤ ቀይ የሆነው ደም ስለሞላው ነው፣ አሳው ከውኃው አየር የሚያወጣውም በዚያ ነው። ክንፎቹን ይቁጠር፣ ይሳላቸው።

ከዚያ አዋቂ ያጽዳው፤ የሚበላው ሥጋ እንደገና ይመዘን። 800 ግራም የነበረው 400 ቢቀር ግማሹ ሄዷል ማለት ነው፤ ለ5ኛ ክፍል ልጅ በመቶኛ ይጠየቃል። የተገዛበትን ዋጋ ለሚበላው ክፍል ብቻ ቢያካፍል ኪሎው በስንት እንደወደቀለት ያገኛል፤ ይህችን ስሌት ሲያደርግ እናትየውም መገረሟ አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ያየውን በስድስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ የአማርኛው ድርሰት ያ ነው። በሌላ ቀን አምባዛ ይታይ። ጢም አለው፣ ቅርፊት የለውም። አንዳንድ ቤት ለምን እንደማይበላ ልጁ አዋቂዎችን ይጠይቅና ይጻፍ።

በዚህ መንገድ የሚሆኑ ሌሎችም አሉ። የደንገል አገዳ ስትሰነጥቁ ውስጡ ነጭና ክፍተት የበዛበት ነው፤ በሳፋ ውኃ ላይ አንሳፉትና ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ለምን እንደማይሰጥም፣ ከርሞ ከርሞ ግን ለምን ውኃ ጠጥቶ እንደሚከብድ ይገምት። ጣና በጣም በሚጠልቅበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስንት ፎቅ እንደሚያህል ከተማ ውስጥ ያለ ሕንፃ እያየ ያስላ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ልጁ እርምጃውን እየቆጠረ ቢሻገርና 380ን ለቁጥሩ ቢያካፍል የአንድ እርምጃው ርዝመት ይወጣለታል። ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ ሲሸመት መልስ የሚቀበለው እሱ ይሁን።

ሐይቁ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቢልሃርዝያ ስላለ ልጁ ዳር ላይ ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ አይግባ። ማለዳና ምሽት ጉማሬ ወደ ዳር ለግጦሽ ስለሚወጣ፣ በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ፀሐይ ወጣ ካለች በኋላ ሂዱ። እምቦጭን እዚያው እዩት፣ ሳሉት፣ ቅጠሉን ለምን እንደሚያንሳፍፍ ተወያዩበት፤ አበባው ስላማረ ግን አንዲትም ዘለላ ይዛችሁ አትመለሱ። ከትንሽ ቁራጭ ይራባል።

6. እንግሊዝኛ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ራሳችሁ የማትናገሩ ከሆነ ለአስጠኚ ከምትከፍሉት ገንዘብ የመጀመሪያው ለዚህ ይዋል፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሚሆን እዚህ የተፈጠረ ክፍተት በኋላ ሌላውን ትምህርት ሁሉ ይጎትታል። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ከሳምንት አንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ ይሻላል። በቀን አምስት ቃል፣ በአምስቱም ዓረፍተ ነገር፣ ማታ ጥያቄ።

7. ጓደኛ በየትኛው ሰዓት

ቤት የሚማር ልጅ ዋናው ጉዳቱ ብቸኝነት ነው። ከሌሎች ልጆች ጋር የሚገናኝበትን ሰዓት ልክ እንደ ሒሳቡ በጊዜ ሰሌዳው ውስጥ አስገቡ። የሰፈር ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ያን ሰዓት ለኳስና ለገመድ ነጻ ተዉት። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ የሚሄድ ከሆነ ይቀጥል፤ እዚያ በተራው ቆሞ ማንበብንና ከእናንተ ሌላ ሰው ሲያርመው መቀበልን ይማራል።

ሌላ ቤት የሚያስተምር ቤተሰብ ካወቃችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ተቀናጁ፤ አንዱ ሒሳብ ሲይዝ ሌላው እንግሊዝኛ ይያዝ። ወሰኑን ግን እወቁ። ልጆቹ በዝተው ወንበር መከራየት ከጀመራችሁ፣ በተለይ ደግሞ ገንዘብ ከተቀበላችሁ፣ ትምህርት ቤት ከፍታችኋል። ትምህርት ቤት ፈቃድ ይጠይቃል።

8. ማኅደር ያዙ

አንድ ወፍራም መዝገብና አንድ ማኅደር ግዙ። በመዝገቡ ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፤ ቀን፣ ትምህርት፣ ገጽ፣ ልጁ ብቻውን የሠራው ምን እንደሆነ። «በደንብ ተማርን» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅም። «ሒሳብ፣ ገጽ 47፣ ከ10 ጥያቄ 7 ትክክል፣ መበደር ይቸግረዋል» የሚለው ግን ለእናንተም ለወደፊቱ መምህሩም ይናገራል። ያለቀ ደብተር አይጣል፣ ሱቅ መጠቅለያም አይሁን።

በየምዕራፉ መጨረሻ ፈተና ስጡት፤ ቢቻል የሚያወጣውና የሚያርመው ሌላ ሰው ይሁን። ጎረቤት መምህር ካለ በወር አንዴ ለቡና ጥሩትና ወረቀቱን ስጡት። እናት የልጇን ስሕተት አይታ «ቸኩሎ ነው እንጂ ያውቀዋል» ትላለች፤ የውጭ ሰው እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። በጥርና በሰኔ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከተሰጡ የትምህርት ቤት ፈተናዎች አንዱን ፈልጉና በሰዓት ገድባችሁ አስፈትኑት። ፈተና በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ሳይነሳ አንድ ሰዓት መቀመጥ ራሱ ልምድ ይፈልጋል።

9. ጥር ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

ጥምቀት እንዳለፈ መዝገቡን ዘርግታችሁ እዩ። ልጁ በመስከረም ያቃተውን አሁን ይችላል? ከጊዜ ሰሌዳው ስንት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርታችኋል? ሁለት ሦስት ሳምንት መዘግየት የተለመደ ነው። ከስድስት ሳምንት ካለፈ ጥበባቱንና ሌላውን አሳጥራችሁ ሒሳብና ንባብ ላይ አተኩሩ። ልጁንም ጠይቁት፣ ግን «ትወደዋለህ?» ብላችሁ አይደለም፤ «የቱ ትምህርት ረዘመብህ?» በሉት። የራሳችሁንም ጠባይ መርምሩ። ጠዋት ጠዋት ጩኸት ብቻ የሚሰማበት ቤት ከሆነ፣ ወይም ልጁ ሰዓቱ ሲደርስ ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ አስተማሪውን ቀይሩ። አባት ወይም አክስት ይሞክሩ፣ አለዚያ ለቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤት ፈልጉ። መሸኛው፣ ካርዱና ማኅተም ያለበት ማመልከቻ ማኅደሩ ውስጥ ያሉት ለዚህ ነው።

ቀጠላችሁም አቆማችሁም፣ ሰኔ ሲያልቅ የዓመቱን ማኅደር ይዛችሁ ማመልከቻ ወዳስገባችሁበት ጽሕፈት ቤት ሂዱና ልጁ የጨረሰውን አሳውቁ። ወደ ክፍል የምትመልሱት ከሆነ ትምህርት ቤቱን በሐምሌ መጀመሪያ አነጋግሩ፤ የመመዘኛ ፈተና ቢሉ ለመዘጋጀት ጊዜ ታገኛላችሁ። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ከሄዳችሁ ሰልፉ ግቢ በር ድረስ ነው፣ መዝገብ ቤት ያለው ሰውም የእናንተን ረጅም ታሪክ የሚሰማበት ትዕግሥት አይኖረውም።